ለኤሊ ገንዳ ስንት ዋት?

ኤሊ የራሷን የሰውነት ሙቀት አታመነጭም። ሰውነቷ የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም በዙሪያዋ ባለው ውሃና አየር ልክ ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ እሷም 25 ገደማ ናት፤ ወደ 17 ሲወርድም አብራው ትወርዳለች። የበላችው ምግብ የሚፈጨው፣ በሽታን የምትቋቋመው፣ ቅርፊቷ የሚያድገው ከውጭ ባገኘችው ሙቀት ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ለምትኖር የውሃ ኤሊ የገንዳው ማሞቂያ ከምግቧ እኩል ያስፈልጋታል፤ ስንት ዋት ይሁን የሚለው ውሳኔም በችኮላ የሚወሰን አይደለም።

በብዙ አገሮች ለቤት እንስሳነት የምትገዛው የውሃ ኤሊ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት፣ ቀይ ጆሮ ኤሊ የምትባለው ናት። የትውልድ ቦታዋ የአሜሪካው ሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስና አካባቢው ነው። እዚያ ሙቀቷን የምታስተካክለው በራሷ እንቅስቃሴ ነው። ጠዋት ግንድ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሲበዛባት ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ከውሃው ሥር ወርዳ፣ መብላቱንም መንቀሳቀሱንም ትታ ወራቱን ታሳልፋለች። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ይህ ምርጫ የላትም። ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማት 15 እና 16 ዲግሪ ውሃ ደግሞ ለእሷ መጥፎው ነው። እንደ ዱሩ ለማንቀላፋት አይቀዘቅዝም፤ ምግብ ለመፍጨትም አይሞቅም። የዋጠችው ሆዷ ውስጥ ይቆያል፣ የመከላከል አቅሟ ይዳከማል፣ ሳንባዋም ይታመማል። ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን የምታዘነብል፣ አፍንጫዋ አረፋ የሚያወጣ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ኤሊ የሳንባ በሽታ ምልክት እያሳየች ነውና ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት።

የሚፈለገው ሙቀት በዕድሜ ይለያያል። ለአዋቂ ቀይ ጆሮ ኤሊ ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ይስማማታል። ገና ለተፈለፈለች ጫጩትና ለታመመች ኤሊ ከ26 እስከ 28 ይመከራል። በአሜሪካ መለኪያ ለሚገዙ፣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት 77 ፋራናይት ነው። ከውሃው በላይ፣ ወጥታ በምትሞቅበት ደረቅ ቦታ ላይ፣ የመብራቱ ሙቀት 32 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሆን ተብሎ የሚጠበቅ ነው። ውሃው ራሱ 30 ዲግሪ ከሆነ ኤሊዋ የምትፈልገውን ሙቀት ሁሉ እዚያው ስለምታገኝ ለመውጣት ምክንያት ታጣለች። ካልወጣች ቅርፊቷ አይደርቅም፤ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት የሚያስፈልጋትን የአልትራቫዮሌት ብርሃንም አታገኝም። ማሞቂያ ሲመረጥ ብርድን መሸሽ ብቻ ሳይሆን ውሃውን ከልክ በላይ አለማሞቅም የሚታሰበው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚለካው ውሃው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሳሳታል፣ ጥፋቱም በአብዛኛው የእሱ አይደለም። የማሞቂያ ሳጥኖች ላይ የሚጻፈው መመሪያ የተዘጋጀው ለዓሣ ገንዳ ነው፤ ገንዳው እስከ አፉ የሞላ፣ ከላይም ክዳን ያለው እንደሆነ ታስቦ። የኤሊ ገንዳ ሌላ ነው። ኤሊዋ ወጥታ እንዳታመልጥና የምትሞቅበትም ቦታ እንዲኖራት ውሃው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ከላይም መብራቱ ስለሚሰቀል ገንዳው ክፍት ነው ወይም በወንፊት ሽቦ ብቻ ይሸፈናል። ስለዚህ መለካት ያለበት ገንዳው የሚይዘው ሳይሆን በእርግጥ ያለው ውሃ ነው። የገንዳው ርዝመት፣ ስፋቱና የውሃው ጥልቀት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ይባዛል፤ ውጤቱ ለ1,000 ሲካፈል ሊትሩ ይገኛል። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ስፋት፣ 50 ቁመት ያለው ገንዳ ቢሞላ 270 ሊትር ይይዛል። ውሃው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ ግን 162 ሊትር ነው፤ ድንጋዩና መውጫው የሚይዙት ቦታ ሲቀነስ 150 ሊትር ገደማ ይቀራል። ይህም በአሜሪካ አቆጣጠር 40 ጋሎን ያህል ነው። ኤሊ አሳዳጊዎች ለእያንዳንዱ 1 ኢንች የቅርፊት ርዝመት 10 ጋሎን ውሃ ይበቃል ስለሚሉ፣ ይህ ገንዳ ቅርፊቷ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ኤሊ የሚሆን ነው።

ያው ገንዳ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በአንድ አፓርታማ ሳሎን መስኮት ሥር ተቀምጧል እንበል። ወሩ ጥር ነው። ቀን ቀን ቤቱ 21 ዲግሪ ይሞቃል፤ ገንዳው ውስጥ ያለችው 50 ዋት ማሞቂያም ውሃውን 25 ላይ ትይዛለች። ማታ ቤተሰቡ ሊተኛ ሲል ሂሳቡ እንዳይበዛ የቤቱን ማሞቂያ ወደ 17 ዝቅ ያደርገዋል። መስኮቱ አጠገብ ያለው አየር 15 ይደርሳል። ሌሊቱን ሙሉ የማሞቂያዋ ቀይ መብራት አንዴም አይጠፋም። ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሲነሡ ቴርሞሜትሩ 23 ያሳያል፤ ኤሊዋም ከማጣሪያው ጎን ጥግ ይዛ ቁርሷን አትነካም። ማሞቂያዋ አልተበላሸችም። የተመረጠችው ቀን ላይ በታየው ሙቀት ነው፤ የሚያስፈልገው ግን የሌሊቱ ነበር።

ይህ የሚሆነው ሙቀት ከውሃው የሚወጣው ውሃው ከክፍሉ በሚበልጥበት መጠን ስለሆነ ነው። ልዩነቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠፋው ሙቀትም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዋናዎቹ መውጫዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መስታወቱ ነው። ነጠላ መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት፣ ከ5 እስከ 6 ዋት ያሳልፋል። የምሳሌው ገንዳ ውሃ የሚነካው የጎን መስታወት 1 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው 25 ክፍሉ 15 ሲሆን በዚህ ብቻ ከ50 ዋት በላይ ይባክናል። ሁለተኛው ትነት ነው። 1 ሊትር ውሃ ተንኖ ሲሄድ 680 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ገንዳው በቀን 1 ሊትር የሚጎድል ከሆነ ማሞቂያው ሳያቋርጥ 28 ዋት ለትነት ብቻ ይከፍላል ማለት ነው። በወለሉና በውሃው ፊት የሚወጣው ሲጨመርበት ድምሩ 100 ዋት ይጠጋል። 50 ዋት ማሞቂያ በዚያ ሌሊት ሊያሸንፍ የማይችለው ስሌቱ ራሱ ስለማይፈቅድለት ነው።

ስለዚህ ከግዢው በፊት የሚደረግ አንድ ቀላል ሥራ አለ። ገንዳው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በገንዳው ከፍታ፣ ቴርሞሜትር ይቀመጥና ብርድ በሚበረታበት ወር ጎህ ከመቅደዱ በፊት ያለው ሙቀት ይነበባል። ያ ቁጥር ውሃው መያዝ ካለበት 25 ሲቀነስ ማሞቂያው የሚሸከመው ሸክም ይገኛል። ከጥሩ ማሞቂያ የሚጠበቀው በዚያ ቀዝቃዛ ሰዓት ከሚጠፋው ሙቀት እጥፍ የሚሆን አቅም ነው፤ ግማሹን ጊዜ ይሠራል፣ ግማሹን ያርፋል። በዚህ መለኪያ ለ150 ሊትሩ ገንዳ ልዩነቱ 5 ዲግሪ ከሆነ 100 ዋት ይበቃል። 7 ወይም 8 ሲሆን 150 ያስፈልጋል። 10 ሲሆን 200፣ 15 ሲሆን ደግሞ 300 ዋት። ውሃውም ገንዳውም ኤሊዋም ሳይለወጡ፣ ክፍሉ ብቻ በመለወጡ የሚፈለገው ማሞቂያ ከ100 ወደ 300 ይደርሳል።

በየሱቁ የሚነገረው “ለ1 ሊትር 1 ዋት” የሚለው ልማድ የመጣው ከመካከለኛው ነው፤ ልዩነቱ 7 እና 8 ዲግሪ ለሆነ ቤት ልክ ነው። ቀኑንም ሌሊቱንም በአየር ማቀዝቀዣ 21 እና 22 ላይ ለሚቆይ የዱባይ ወይም የሪያድ ክፍል ከሚፈለገው ይበልጣል። ማሞቂያ ለሌለው ደጋ ቤት ግን ያንሳል። ለትንንሽ ገንዳም አይበቃም፤ ትንሽ ገንዳ ከያዘው ውሃ አንጻር ብዙ መስታወት ስላለው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጫጩት ኤሊ የምታድግበት 40 ሊትር ገንዳ ለአንድ ሊትር 1 ዋት ተኩል፣ ብርድ ባለበት ደግሞ 2 ዋት ይፈልጋል።

አንዳንዱ ገዢ ትልቅ ማሞቂያ መብራት ይበላል ብሎ ትንሹን ያነሣል። ስጋቱ የሚገባ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ውሃውን 25 ላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ኃይል የሚወሰነው በሚጠፋው ሙቀት ነው። 100 ዋት የሚጠፋበት ገንዳ በ200 ዋት ማሞቂያ ቢሞቅም በ300 ቢሞቅም በቀን የሚወስደው ያው 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ትልቁ በቶሎ ጨርሶ ይጠፋል። ሂሳብ የሚቀነሰው ብክነቱ ሲቀነስ ነው። የገንዳው ጀርባና ሁለት ጎኖቹ በፎም ሰሌዳ ቢሸፈኑ፣ ከሥሩም ፎም ቢነጠፍ፣ ከመስኮቱ ራቅ ቢደረግ፣ የላዩ ክፍት ቦታ በከፊል ቢከደን ለውጡ በቆጣሪው ላይ ይታያል። ክዳኑ ግን በመብራቱ ሥር መግባት የለበትም። መስታወት የአልትራቫዮሌቱን ብርሃን ስለሚያስቀር ኤሊዋ እየሞቀች ጥቅሙን ታጣለች።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትልቁ አይገዛም? ምክንያቱ ቴርሞስታቱ ነው። ይህ ክፍል ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ማሞቂያውን ያጠፋል። ሲያረጅ ግን ሳያጠፋ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። 300 ዋት ማሞቂያ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ፣ 150 ሊትር ውሃ ላይ ተጣብቆ ቢቀር 10 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውሃውን ከ25 ወደ 35 ያደርሰዋል፤ ከዚያም አያቆምም። ቤተሰቡ ለሥራ ወጥቶ እስኪመለስ ኤሊዋ ልትሞት ትችላለች። በተቃራኒው አንድ 200 ዋት በመግዛት ፈንታ ሁለት ባለ 100 ዋት ቢገዙና በገንዳው ሁለት ጫፍ ቢቀመጡ፣ አንዱ ቢጣበቅ ውሃው 29 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። አንዱ ቢሞት ደግሞ ሌላው ብርዱን ያዘገየዋል። ዋጋው ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ትንሽ ይጨምራል፤ ከ100 ሊትር በላይ ለሆነ ገንዳ ሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። በዚህ ላይ ከማሞቂያው ውጭ የሚሰካ፣ የራሱ መለኪያ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ቢጨመር ጥበቃው ይጠነክራል።

ዋቱ ከታወቀ በኋላ የማሞቂያው ቁመት ይታያል። ባለ 300 ዋት የመስታወት ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ከ30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ 25 ብቻ በሆነ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም። ከውሃ በላይ የቀረ መስታወት እየሠራ ሳለ ከልክ በላይ ይግላል፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ሲነካው ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ ማሞቂያዎች ላይ ውሃው ዝቅ ሊልበት የማይገባው መስመር ተሰምሯል። አምራቹ ተጋድሞ እንዲሠራ ከፈቀደ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ጎኑን ይዞ ቢተኛ ይሻላል፤ የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሙቀቱ ይዳረሳል፣ ትነት ውሃውን ቢያጎድለውም አይጋለጥም።

ዓሣ ማሞቂያውን አይነካውም። ኤሊ ግን ትገፋዋለች፣ ትወጣበታለች፣ በጥፍሯ ትቧጥጠዋለች፣ ገመዱንም ትነክሳለች። 20 ሴንቲ ሜትር የደረሰች ኤሊ በቅርፊቷ ብትገጨው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ይሰበራል፤ ውሃውም ከኤሌክትሪኩ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ለኤሊ የሚመረጠው የታይታኒየም ወይም የማይሰበር ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ማሞቂያ ነው። የመስታወቱ ከሆነ ግን ዙሪያውን በቀዳዳ የተሞላ የፕላስቲክ መከለያ ይደረግለታል። መከለያው ኤሊዋንም ከቃጠሎ ያድናታል፤ የጋለ ቱቦ ላይ ተደግፋ የምታርፍ ኤሊ ሆዷ ሥር ያለው ቅርፊት ይጎዳል። ኤሊ በሳንባ የምትተነፍስ እንስሳ መሆኗም መረሳት የለበትም። በማሞቂያውና በግድግዳው መካከል ባለ ጠባብ ቦታ ተቀርቅራ መውጣት ካቃታት ትሰጥማለች። ስለዚህ ማሞቂያው ከመስታወቱ ጋር በደንብ ይጣበቃል፣ ወይም ኤሊዋ እንደልቧ የምታልፍበት ቦታ ይተውለታል።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ በሻንጣ ለሚላክ ማሞቂያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የአሜሪካው መብራት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያው 220 ቮልት ነው። የማሞቂያ ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሚለወጥ፣ ለ120 ቮልት የተሠራ 100 ዋት ማሞቂያ በአስማሚ ሶኬት ብቻ አዲስ አበባ ቢሰካ ወደ 336 ዋት ይዘላል። ወዲያው ይቃጠላል፣ ቱቦውም ሊፈነዳ ይችላል። የሶኬቱን ቅርጽ የሚያስማማ ዕቃ ቮልቴጁን አይለውጠውም። በተቃራኒው ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ የመጣ፣ ለ230 ቮልት የተሠራ 200 ዋት ማሞቂያ አሜሪካ ቢሰካ 54 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ቀይ መብራቱ በርቶ ውሃው ግን አይሞቅም። የመብራት ኃይል በሚዋዥቅበት ሰፈርም ያው ሕግ ይሠራል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ 200 ዋት ማሞቂያ 134 ዋት ይሆናል። ዋት ሲመረጥ ይህ ጉድለት አብሮ ይታሰባል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የውጭው ሙቀት ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በአብዛኛው ቤት ማሞቂያ ስለሌለ ክፍሉ 16 ቢሆን ልዩነቱ 9 ነው፤ ለ150 ሊትር ውሃ 200 ዋት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የዚህ ገንዳ ውሃ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 4 ሰዓት ቢጠፋ 2 ዲግሪ ማለት ነውና ለጤነኛ ኤሊ የሚያሰጋ አይደለም፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ አየር እንዲገባ ከላይ ጥቂት ክፍት ትቶ መጠበቅ ይበቃል። የፈላ ውሃ ገንዳ ውስጥ መጨመር ግን ኤሊዋን ሊጎዳት ይችላል። የሞቀ ውሃ የያዘ የተዘጋ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገንዳው ውሃ ላይ ቢንሳፈፍ ይሻላል።

አዲስ ማሞቂያ ኤሊዋ ከመግባቷ በፊት ይፈተናል። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ በሚያልፍበት በኩል ይቀመጣል፤ ቴርሞሜትሩ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ፣ ሙቀቱ መዳረሱ እንዲታወቅ። ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይሰካ ይቆያል። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ በገመዱ ላይ የወረደ ጠብታ እዚያ ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። መሥመሩም ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ሲያፈስ ወዲያው በሚቆርጥ መከላከያ በኩል ቢሰካ ከቤተሰቡ አባላት አንዱ እጁን ሲያስገባ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ ያስቀራል። 200 ዋት ማሞቂያ 150 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 25 ለማድረስ 12 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማታ ተሰክቶ በማግሥቱ ጠዋት ይነበባል፣ ለሁለትና ሦስት ሌሊትም ይከታተሉታል። በማሞቂያው ላይ የተጻፈው ዲግሪና ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው 1 ወይም 2 ዲግሪ ቢለያዩ የሚታመነው ቴርሞሜትሩ ነው።

ውሃ ሲቀየር ማሞቂያው ከሁሉ በፊት ይነቀላል፤ እስኪቀዘቅዝ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዚያ ውሃው ይቀዳል። በቅዝቃዜው ወራት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ 10 ዲግሪ ቢሆንና ከ150 ሊትሩ 50 ቢተካ፣ ገንዳው በአንድ ጊዜ ከ25 ወደ 20 ይወርዳል፤ ወደ ቦታው ለመመለስም ከ6 ሰዓት በላይ ይወስዳል። አዲሱ ውሃ በባልዲ ውስጥ ከሙቅ ውሃ ጋር ተደባልቆ፣ በቴርሞሜትር ተለክቶ ቢገባ ኤሊዋ ለውጡን አታውቀውም።

ኤሊዋ ስታድግ ስሌቱ ይደገማል። ጫጩቷ ስትፈለፈል ቅርፊቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሴት ከሆነች ግን ከ25 ሴንቲ ሜትር ልታልፍ ትችላለች፣ በጥሩ እንክብካቤም ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። ለጫጩት የተገዛው 75 ዋት ማሞቂያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለ300 ሊትር ገንዳ ምንም አይሠራም። ገንዳው በተለወጠ ቁጥር፣ ቤተሰቡ ቤት በቀየረ ቁጥር፣ ገንዳው ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው በተዛወረም ጊዜ ውሃውና የክፍሉ ቀዝቃዛ ሰዓት እንደገና ይለካሉ። ማሞቂያው ራሱም ዕድሜ አለው። መስታወቱ ውስጥ ጤዛ የታየበት፣ ጫፉ የጠቆረ፣ ወይም የተስተካከለለትን ዲግሪ መጠበቅ ያቃተው ማሞቂያ ሳይጠገን ይተካል።